ለጎረቤት የተከፈተ ፎልደር

የጋሼ ፓምፊልን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እጄን የጠመዘዘኝ ሰው የለም። አለቃዬ ኢንጂነር ቡዚላ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት ሰው ይቀነሳል፣ የሌሎቹ ክፍሎች ስም ተሞልቷል፣ ከማገጣጠሚያ ክፍል ሁለት ይቀራል፣ ሰዎቹን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለምና መርጠሽ ሰኞ ጠዋት አምጪልኝ። ይህን ብሎ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ የአለቆች ዓርብ ደግሞ ከምሳ በኋላ የለም።

ፋብሪካችን የውሃ ቫልቭ ይሠራል። እኔ ሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ቅጥሩም፣ ፈቃዱም፣ ጡረታውም፣ የሐዘን ዕረፍቱም በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ፋብሪካውን ጣሊያኖች ከገዙት ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። ባንኮች በየአገሩ አንድ በአንድ የወደቁበት መኸር ነው፤ ቫልቭ የሚገዛ ጠፋ፣ መጋዘኑ ሞላ፣ ከሚላኖው ዋና ቢሮ ደግሞ የሚቀነሰው ሰው ቁጥር መጣ።

ከማገጣጠሚያ ክፍል ሠላሳ አንድ ስም ፊቴ ነበር። የመጀመሪያዋን ቶሎ አገኘኋት፤ ጀርመን እጮኛ ያላት፣ ራሷም ለመሄድ የቸኮለች ልጅ ነበረች። ሁለተኛውን ፍለጋ ከላይ እታች ስል ቆየሁና ጋሼ ፓምፊል ላይ ቆምኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል፣ ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ልጆቻቸው ጣሊያን አገር ቶሪኖ ናቸው፣ በካሳው ይገፉታል ብዬ ጻፍኩ። ለኢንጂነሩ ያዘጋጀሁት ምክንያት ይህ ነው። እውነተኛው ሌላ ነበር። የስንብቱን ወረቀት ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ጋሼ ፓምፊል ደግሞ ከሠላሳ አንዱ መካከል የማይጮኹብኝ ብቸኛ ሰው ናቸው። ከገጠር ስመጣ ለድሮው ዳይሬክተር «ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ በእኔ ኃላፊነት ይቅጠሯት» ብለው ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ስለሆኑ መረጥኳቸው። ለዚህ ሥራዬ ሌላ መጠሪያ ላወጣለት ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ያም ሆኖ ልቤ አላረፈም ነበር። ቤት ወስጄው ልየው፣ በወረቀት አትሜ በእርሳስ ላስብበት አልኩ። የሥራ ላፕቶፔ ከእጅ መስታወት ብዙም አይሰፋም፤ ሠንጠረዡ ግን ሠላሳ ስምንት መስመርና አሥራ አራት ዓምድ አለው። ቤት ያለው ኮምፒውተር ትልቅ ስክሪን አለው፣ ማተሚያውም ከሱ ጋር ነው የተገናኘው። ችግሩ ፋይሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገሩ ነበር። ጣሊያኖቹ ሲመጡ የላፕቶፖቻችንን የፍላሽ መሰኪያ ሁሉ አዘግተውታል። ኢሜይላችንን ደግሞ ሚላኖ የተቀመጠ ሰው ያነባል ይባላል፤ ማንበቡን ባላውቅም በሱ በኩል የሥራ ዝርዝር ወደ ቤቴ የምልክ ቂል አይደለሁም። የቀረው የቤታችን ዋይፋይ ነው።

ስለዚህ ዋይፋይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የምንኖርበትን ብሎክ ፋብሪካው በደህናው ዘመን ለሠራተኞቹ ነው ያሠራው። ስለዚህ ቀን አብሮኝ የሚሠራው ሰው ማታ ከጣራዬ በላይ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማኛል። ኢንተርኔት ሲመጣም ለየቤቱ አላስገባንም፤ በመግቢያችን ያለነው ስምንት ቤቶች ተዋጥተን አንድ መስመር አስገባን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሌ ቪርጂልም ሳጥኑን ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ፣ ከቆጣሪዎቹ በላይ ሰቀለው። የይለፍ ቃሉ የብሎኩ ድመት ስም ነው። ቪርጂል በዚያው እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ «ፊልም» የሚል ፎልደር ከፈተና ለሁሉም ክፍት አደረገው። ከዚያ ወዲያ የጎረቤትን ፎልደር መክፈት በኩሽናው በር አልፎ ምን እየበሰለ እንደሆነ እንደማየት ሆነ። ፊልሙን ትወስዳለህ፣ ዘፈኑን ትወስዳለህ፣ የሦስተኛ ፎቋን የክርስትና ፎቶ ታያለህ፣ በማግስቱ ደረጃው ላይ «አማትሽ ወፍራለች» ትላታለህ። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይቆጣም። የኛው ፎልደር ከሁሉ የሞላ ነበር፤ ከላያችን የሚኖሩት የጋሼ ፓምፊል ሚስት እትዬ አግላያ የህንድ ፊልም ሞታቸው ስለሆነ ቪርጂል በየሳምንቱ አዲስ ያወርድላቸዋል፣ ጋሼ ፓምፊልም ቅዳሜ ቅዳሜ እየገቡ ይወስዱላቸዋል።

እንግዲህ ዓርብ አመሻሽ ላይ ሁለቱን ማሽኖች ለማስተዋወቅ ተቀመጥን። እምቢ አሉ። ቪርጂል የማይነካው ነገር የለም፤ የቡድን ስም ለወጠ፣ አጠፋ፣ አበራ፣ ተሳደበ። ላፕቶፑ በቤታችን ካሉት ነገሮች አንዱንም አላየሁም አለ።

«ይሄ ላፕቶፕሽ ጣሊያን ሆኗል በቃ» አለኝ ቪርጂል። «የድሃ ቤት አይገባም።»

በመጨረሻ ያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሁሉ የተከፈተውን «ፊልም» ፎልደር። ቪርጂል ፋይሉ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። እዚያ ጣል አድርጊውና ወዲያው አውጪው አለኝ። ጣል አደረግኩት። የፋይሉ ስም «የመጨረሻው» ነበር። ቢሮአችን ውስጥ ገና የተጀመረ ነገርም የመጨረሻው ነው የሚባለው፤ ከዚያ የመጨረሻው ሁለት ይመጣል፣ ከዚያ የእውነት የመጨረሻው ይመጣል። ከፍቼ አተምኩት። ወረቀቱ ገና ትኩስ ሳለ እህቴ ከገጠር ደወለች፤ ጎመኑ ተቆርጧል፣ ነገ በጠዋት መጥታችሁ ካልወሰዳችሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ አለች። ለብርዱ ወራት በጨው ስለምናቆየው ጎመን፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ በርሜሉ አንድ ሰዓት ተነጋገርን። ፋይሉን ማውጣት ከነጭራሹ ረሳሁት።

ቅዳሜ ሦስት ጆንያ ጥቅል ጎመን ይዘን ተመለስን። ጋሼ ፓምፊል ከታች አይተውን መጡና አንዱን ጆንያ ሳይጠየቁ ትከሻቸው ላይ አደረጉት። እስከ በራችን ድረስ አወጡልን። ዘንድሮ ጎመኑ ጠንካራ ነው፣ ጨዉን አትፍሪ፣ በላዩ ከባድ ድንጋይ ጫኚበት ይሉኛል፤ እኔ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ ቀድሜያቸው ሮጥኩ። ውሃ ስጪኝ እንኳ እስኪሉ አልጠበቅኩም። ቀኑን ሙሉ ጎመን በበርሜል ስደረድር ዋልኩ፣ እጄ በጨው ተላጠ፣ ደግ አደረገኝ አልኩ።

እሑድ ረፋዱ ላይ እትዬ አግላያ ፕላቺንታ የምንለውን በዱባ የተሞላ ፓይ በሳህን ይዘው ወረዱ፤ የወትሮ ልማዳቸው ነው። ዛሬ ፓምፊል ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሎ ቤት ቀረ፣ ራሱን ሳያመው አይቀርም አሉኝ። አንድ ቆርሼ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሳህኑን እንደያዝኩ ኮምፒውተሩ ጋ ሄድኩ፣ ፋይሉን ከዚያው ከ«ፊልም» ውስጥ ከፈትኩና የጋሼ ፓምፊልን ስም ሰረዝኩት።

ሁለት ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። በእሳቸው ቦታ ሌዎንቴን ጻፍኩ። ሌዎንቴ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከመንደር በጠዋት ባቡር ይመላለሳል፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ሥራው እንከን አይወጣለትም። ምን አጠፋ ቢሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኔ ደረጃ አይወጣም፣ አይወርድም። ፓይ የምታመጣልኝ ሚስት የለችውም። ያን ጊዜ እንዲህ በግልጽ አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው፤ አስቤዋለሁ።

የታረመውን ወደ ላፕቶፑ የመለስኩትም በዚያው መንገድ ነው፣ ሌላ መንገድ አልነበረንም። ከምሳ በኋላ ፎልደሩን ሳጸዳ ነው ፋይሉ ከዓርብ ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ክፍት ሆኖ እንደነበር የገባኝ። ከዚያ ራሴን አጽናናሁ፤ በዚያ ሁሉ የህንድ ፊልም መካከል አንዲት ሠንጠረዥ ማን ያያል አልኩ። አጠፋኋት።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ይዤ ኢንጂነር ቡዚላ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተጻፈች አንዲት ገጽ ነበረች፣ የመዝገብ ቤት ማኅተም አርፎባታል። ጽሕፈቱን ከሩቅ ለየሁት። ጋሼ ፓምፊል የሚጽፉት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሰፋ አድርገው ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ብቻውን ይቆማል። በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ ይላል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ካሳ የለውም፣ የሥራ አጥ አበልም የለውም፣ እስከ ጡረታው ሦስት ዓመት ባዶ እጁን ነው።

ኢንጂነሩ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና ብዕሩን አነሳ።

«ፓምፊል ዛሬ ጠዋት ለቅቋል» አለኝ። «እንግዲህ ከማገጣጠሚያ አንድ ሰው ራሱ ሄደ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን እንሰርዝ?»

ጆሮዬ ውስጥ ፋብሪካው በሙሉ የሚፈጭ መሰለኝ። ጋሼ ፓምፊል ፎልደሩ ውስጥ ዝርዝሩን አይተውታል ማለት ነው። ዝርዝሩ አንዴ ከተነካካ ይጠየቃል፤ ፓምፊል ለምን ዛሬ ለቀቀ፣ ማን ነገረው፣ ወረቀቱ ከዚህ ቢሮ እንዴት ወጣ ይባላል። ቀጥሎ የላፕቶፑ ነገር ይመጣል፣ ቀጥሎ እኔ ሠላሳ ዘጠነኛዋ እሆናለሁ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ኢንጂነሩ የብዕሩን ክዳን እስኪከፍት ባለው ጊዜ ነው።

«ይቆይ፣ እንዳለ ይሁን» አልኩት። «ከተነካካ ጥያቄ ያስነሳል።»

«እንዳልሽ» አለና ፈረመ።

ለሌዎንቴ ወረቀቱን በማግስቱ ሰጠሁት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበለኝ፣ አነበበ፣ ምን አጠፋሁ አለኝ። ምንም አላጠፋህም አልኩት። ምንም ካላጠፋሁ ታዲያ ብሎ ጀመረና ተወው፤ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ሥራ ይፈልግበት ዘንድ በፈቃድ ወጣ። አልጮኸም እሱም። ሰው ሁሉ እንደሚጮኽብኝ አድርጌ የፈራሁት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ጋሼ ፓምፊል የቀራቸውን የዓመት ፈቃድ ወስደው በዚያው ሰኞ ከፋብሪካው ወጡ። ለምን ለቀቅህ ያላቸውን ሁሉ እግሬ ደከመ ይላሉ። እኔን ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉኛል፣ ጎመኑ ውሃ አወጣ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እትዬ አግላያ ግን ፓይ ይዘው መምጣት ተዉ። አንድ ቀን ቆሻሻ ስናወጣ ተገናኘን፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው እንዴት አንድ እሑድ ላይ እግሩ ይደክማል፣ አንቺ ቢሮ ውስጥ ነሽ፣ የሰማሽው ነገር አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። ፎልደሩንም ዘጋሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ባሌን ያዘው፤ «ቪርጂል፣ ህንዶቹን የት አደረስካቸው?» ይሉታል፤ እሱ ሚስቴን ጠይቋት ይላል። ቪርጂል ምን ሆነሻል ሲለኝ የማረጥ ዕድሜዬ ነው አልኩት። ይህን ስለው ወንድ ሁሉ ጥያቄ ያቆማል።

በራሴ ሒሳብ ጥፋቴ አንድ ነበር። ጋሼ ፓምፊል የፊተኛውን ዝርዝር ብቻ አይተው፣ ከመባረር በፊት ልቅደም ብለው፣ በክብር ልውጣ ብለው ነው የለቀቁት፤ ስማቸው ግን በሰጠሁት ላይ አልነበረም። በእኔ ዝርክርክነት እንጀራቸውን አጡ። ብነግራቸው ሄደው መልቀቂያዬን መልሱልኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ ኢንጂነሩ እምቢ አይላቸውም። ግን ብነግራቸው መውጫ ቀዳዳው የእኔ ፎልደር መሆኑ ይወጣል። ዛሬ ነገ ስል ሦስተኛው ሳምንት ገባ። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ አንድ ፎቅ ጨምሬ ወጣሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

ራሳቸው ከፈቱ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ግቢ አሉኝ፣ አልገባም አልኩ።

«ጋሼ ፓምፊል፣ ያንን ዝርዝር አይተውታል፤ የተውኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ግን ሰኞ የሰጠሁት ላይ የእርስዎ ስም የለም። እሑድ አውጥቼዋለሁ። በከንቱ ነው የለቀቁት።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉ።

መጀመሪያ ያልገባኝ መሰላቸው፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ቅዳሜ ማታ ለእትዬ አግላያ ፊልም ሲፈልጉ ፋይሉን ከፍተው የራሳቸውን ስም አዩ። ዓይናቸውን ስላላመኑ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርተው ደግመው ከፈቱት። ያን ጊዜ የእሳቸው የለም፣ የሌዎንቴ አለ። ቀኑን ሙሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው አሰቡበት።

«አዘንሽልኝ፣ ገባኝ» አሉ። «ግን ሌዎንቴ ሁለት ልጅ ይዞ በባቡር የሚንከራተት ሰው ነው። በእኔ ቦታ እሱ ሊሄድ ነው? ቁጥሩ ሁለት ከሆነ አንዱን እኔ ልሙላው፣ እሱ ይተርፋል አልኩ። ዝርዝሩ ሳይፈረም ልድረስ ብዬ ነው በማለዳ ያስገባሁት።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እሱስ እንዴት ነው? አሁንም ባቡሩ ሲያመልጠው በኋላ በር ይገባል?»

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከኩሽና የእትዬ አግላያ ማማሰያ ድስቱን ሲነካ ይሰማል።

«ተባሯል» አልኩ።

«ማን?»

«ሌዎንቴ።»

«ቡዚላ አልጠየቀሽም? እኔ ከለቀቅኩ በኋላ ምንም አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኝ ነበር። አንዱን እንሰርዝ ወይ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ይቆይ አልኩት።»

ይህን ስል ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ጋሼ ፓምፊል መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ቢጮኹ ደስ ባለኝ ነበር።

«ማስጠንቀቂያው መቼ ያልቃል?» አሉ።

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ረቡዕ ገና በጠዋት ኢንጂነር ቡዚላ በር ላይ ነበርኩ። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፤ ስለ ላፕቶፑ፣ ስለ ፎልደሩ፣ ከሥራ ብታስወጣኝ ይገባኛል እስከማለት። ከዚህ ሁሉ አንዱም አላስፈለገም። ፓምፊል ስለለቀቁ የሌዎንቴን ስም ብናወጣስ አልኩት። ቀና ሳይል ብዕሩን አነሳ፣ በስሙ ላይ አንድ መስመር አሰመረ፣ ከጎኑ ፈረመ።

«ያን ቀንም እኮ ጠይቄሽ ነበር» አለኝ፤ እና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ይኸው ነበር። አንድ መስመር። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። ወደ ቢሮዬ ሮጬ ሌዎንቴ ቤት ደወልኩ። ሚስቱ አነሳች። ሌዎንቴ የለም፣ እሑድ በአውቶቡስ ወደ ስፔን ሄዷል፣ የአጎቱ ልጅ ብርቱካን ለቀማ አስገብቶታል አለችኝ። ሥራው ተመልሶለታል አልኳት። የስፔኑን ቁጥር አንድ በአንድ አስጻፈችኝ።

ሌዎንቴን በምሳ ሰዓቱ አገኘሁት። ከበስተኋላው ነፋስና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ስምህ ተሰርዟል፣ ሰኞ መግባት ትችላለህ አልኩት። ምን ተገኘ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም፣ ስህተት ነበር አልኩት።

«ወይዘሮ ኦቲሊያ፣ ስወጣ ምን አጠፋሁ ብልዎት አልነገሩኝም» አለኝ። «አሁን ደግሞ ምን አሻሽዬ እንደተመለስኩ አይነግሩኝም። እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት ሰው ልጅ ያሳድግበታል?»

ለምኜዋለሁ። ስለ ልጆቹ አንስቼ ለመንኩት፣ እሱ ደግሞ ስለ ልጆቼ እርስዎ አያንሱ አለኝ፤ በትህትና ነው ያለኝ። እስከ ፀደይ ፈርሜያለሁ፣ ከዚያ ቤተሰቤን አመጣለሁ ብሎ ዘጋ።

አመሻሹ ላይ ስመለስ ጋሼ ፓምፊል የእኛ በር ፊት ለፊት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ እንጃ። ሲያዩኝ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ተነሱ።

«እህስ?» አሉኝ።

«ስሙን ሰርዞታል» አልኩ። እውነት ነው፣ ሰርዞታል።

«እንግዲያ ይሠራል?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን አየሁት። ሦስት ዓመት ባዶ እጃቸውን የሚኖሩበት ነገር እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

«ይሠራል» አልኩ።

ፊታቸው በራ። አማተቡ፣ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፣ «ይኸው፣ ጎበዝ ልጅ ነሽ ብዬ አልነበር» አሉኝና ወደ ላይ ወጡ።

ጋሼ ፓምፊል ወደ ፋብሪካው በር ድርሽ አይሉም፤ በለቀቁበት ቦታ መታየት ያሳፍራቸዋል። እንጂ እስካሁን በሰሙ ነበር። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ዛሬ ባይሰሙ ነገ ይሰማሉ፤ ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን በሰማሁ ቁጥር ዛሬ ነው እላለሁ። እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሌዎንቴ እንዴት ነው? ደህና ነው እላለሁ፣ ሰላም ብሎዎታል እላለሁ። እትዬ አግላያም የሌዎንቴን መትረፍ ከባላቸው ስለሰሙ ታርቀውኛል። በዚህ መኸር የሠሩትን ዛኩስካ፣ ማለትም ተጠብሶ የተፈጨ ደበርጃንና በርበሬ፣ በብልቃጥ አሽገው፣ ለሌዎንቴ ልጆች ስጪልን እያሉ በባላቸው እጅ ይልኩልኛል። አልወስድም ብል ምን ልል ነው? ብልቃጦቹን ከአልጋው ሥር፣ ቪርጂል እጁ ከማይደርስበት ግድግዳ ጋ እደረድራቸዋለሁ። መብላት አልችልም፣ መጣልም አልችልም። ትናንት አራተኛውን ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ፣ ልጆቹ በጣም ወደዱት አልኳቸው።